ከሥዕል ሥራ ለመተዳደር፦ ገዢው ከመምጣቱ በፊት የሚያልቁ ሥራዎች

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ሳይቀጠሩ፣ በራሳቸው ስቱዲዮ ሠርተውና ራሳቸው ሸጠው ለመኖር ላሰቡ ሠዓልያን ነው። እንዴት እንደሚሣል አይናገርም፤ ያንን አንባቢው ያውቃል። የሚናገረው ሥዕሉ ካለቀ በኋላ፣ አንዳንዱም ገና ሳይጀመር ስለሚሠራው የስሌት፣ የመዝገብና የውል ሥራ ነው። በዚህ ሙያ በቆየሁባቸው ዓመታት የታዘብኩት፣ ጥሩ ሠዓሊ የሚጎዳው በአብዛኛው ዋጋን፣ ጊዜንና መብትን የሚመለከቱ ውሳኔዎችን ገዢው ፊት ቆሞ በይሉኝታ ስለሚወስን መሆኑን ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች ገዢው ሊያነሣቸው ለሚችላቸው ጥያቄዎች አስቀድሞ በወረቀት ላይ መልስ ያዘጋጃሉ።

እርምጃ 1፦ ሰዓትዎን ይቁጠሩ

ዋጋ ከማውጣትዎ በፊት ለአራት ተከታታይ ሳምንታት የሰዓት መዝገብ ይያዙ። ለዚህ አንድ ደብተር ይበቃል፤ ሥራ ሲጀምሩና ሲያቆሙ ሰዓቱን ይጽፋሉ፣ ከጎኑም ምን እንደሠሩ በሁለት በሦስት ቃል ያሰፍራሉ። እኔ ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ባደረግሁበት ሳምንት 43 ሰዓት ሠርቼ ብሩሽ የያዝኩት 19 ሰዓት ብቻ ሆኖ አገኘሁት። የቀረው ሸራ በመወጠርና መነሻ ነጭ ቀለም በመቀባት፣ ፎቶ በማንሣት፣ ለመልእክት መልስ በመስጠት፣ ዕቃ በመግዛት፣ የተሸጠውን በማሸግና ያልተከፈለኝን ገንዘብ በማስታወስ ነበር ያለቀው። መዝገቡን ባልይዝ ኖሮ ቀኑን ሙሉ ስሥል ዋልኩ ብዬ እምል ነበር።

ይህ ቁጥር በቀጥታ ወደ ዋጋ ይገባል። በወር 160 ሰዓት የሚሠራ ሠዓሊ ለሥዕል የሚያውለው 80ውን ብቻ ከሆነ የወሩ ወጪ በሙሉ የሚያርፈው በእነዚያ 80 ሰዓታት ላይ ነው፤ ወጪውን ለ160 አካፍሎ የሰዓት ዋጋ ያወጣ ሰው ሳያውቀው ጉልበቱን በግማሽ ዋጋ እየሸጠ ነው። ወጪ ሲባልም የቤትና የስቱዲዮ ኪራይ፣ ምግብ፣ ሕክምና፣ መጓጓዣ፣ ቀለምና ሸራ፣ ኢንተርኔት፣ የመሣሪያ እርጅና፣ ግብርና ለክፉ ቀን የሚቀመጠው ገንዘብ አንድ ላይ ይደመራሉ።

በዚህ ስሌት ውስጥ ዘወትር የሚረሱት ያልተሸጡት ሥራዎች ናቸው። በዓመት 20 ሥዕል ሠርተው የሚሸጡት 12 ከሆነ አሥራ ሁለቱ የሃያውን ወጪ መሸከም አለባቸው፤ ስለዚህ የዓመቱን ወጪ የሚያካፍሉት ለሃያ ሳይሆን ለአሥራ ሁለት ነው። የሚያገኙት ቁጥር የሥራዎችዎ አማካይ ዋጋ ከእሱ በታች ሊወርድ የማይገባው ወለል ነው። ቁጥሩ ገበያው ይቀበለዋል ብለው ከሚገምቱት እጅግ ከፍ ካለ፣ ገና ከሥዕል ሽያጭ ብቻ መኖር እንደማይችሉ ነግሮዎታል ማለት ነውና ወደ እርምጃ 4 እና 5 በትኩረት ይሂዱ።

እርምጃ 2፦ የዋጋ ሠንጠረዥ ያውጡ

ሥዕልን በስሜት መተመን፣ ማለትም የሚወዱትን አስወድዶ የማይወዱትን ማርከስ፣ ገዢን ግራ ያጋባል፤ እሱ የሚያየው ሁለት እኩል የሆኑ ሥዕሎችን ነውና። ስለዚህ ዋጋ በመጠንና በተሠራበት ነገር ይወሰን። ሁለት የተለመዱ መንገዶች አሉ። አንደኛው ስፋቱን መሠረት ያደርጋል፤ ቁመቱ በወርዱ ተባዝቶ በካሬ ሴንቲ ሜትር ዋጋ ይወጣለታል። ሁለተኛው ቁመትና ወርድን ደምሮ ድምሩን ለአንድ ሴንቲ ሜትር በተወሰነ ዋጋ ያባዛል።

ልዩነታቸው በምሳሌ ይታያል። 30 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሥዕል ስፋቱ 1,200፣ የጎኖቹ ድምር 70 ነው። 60 በ80 የሆነው ደግሞ ስፋቱ 4,800፣ ድምሩ 140 ነው። በስፋት ከሄዱ ትልቁ የትንሹን አራት እጥፍ ያወጣል፤ በድምር ከሄዱ ሁለት እጥፍ። በእኔ መዝገብ የመጀመሪያውን መጠን በአማካይ በ12 ሰዓት፣ ሁለተኛውን በ26 ሰዓት ስጨርስ ስለነበር ድምሩ ለሥራዬ ይበልጥ እውነተኛ ሆኖ አገኘሁት። እያንዳንዱን የሸራ ክፍል በጥቃቅን ነጥብ የሚሠራ ሰው ግን ስፋቱ ሊስማማው ይችላል። የሰዓት መዝገብዎ የሚነግርዎትን ይከተሉ እንጂ የጎረቤት ሠዓሊን ሠንጠረዥ አይቅዱ። በሁለቱም መንገድ ለትንንሽ ሥራዎች የመነሻ ዋጋ ያስፈልጋል፤ የእጅ መዳፍ የምታህል ሥዕልም ፎቶ መነሣት፣ መመዝገብና መታሸግ እንደ ትልቁ ትፈልጋለችና።

ሠንጠረዡ ከወጣ በኋላ ሦስት ደንቦችን ያክብሩ። ዋጋው በስቱዲዮም፣ በጋለሪም፣ በኢንተርኔትም አንድ ይሁን፤ ጋለሪ ውስጥ የተሰቀለን ሥዕል በጓሮ አርክሶ የሚሸጥ ሠዓሊ ሁለተኛ ግድግዳ አያገኝም። ጭማሪ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በታወቀ ቀን ይሁን፤ ቅናሽ ግን ከሠንጠረዡ ላይ አይደረግ። ትናንት በሙሉ ዋጋ የገዛዎት ሰው ዛሬ የወረደውን ሲሰማ የተታለለ ይመስለዋል። ለወዳጅ ማሰብ ከፈለጉ ትንሽ ንድፍ ይጨምሩለት ወይም በሦስት ጊዜ እንዲከፍል ይፍቀዱለት፤ ሥዕሉን የሚወስደው ግን የመጨረሻው ክፍያ ከገባ በኋላ ነው።

ዋጋ አነጋገርም ልምምድ ይጠይቃል። ቁጥሩን ይናገሩና ዝም ይበሉ። ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለው ዝምታ ስለሚያስጨንቀን ገዢው አፉን ሳይከፍት «ግን መነጋገር ይቻላል» የምንል ብዙ ነን፤ በዚያች አንዲት ዐረፍተ ነገር ስንት ገንዘብ እንዳለቀብኝ ለመቁጠር እፈራለሁ።

እርምጃ 3፦ እያንዳንዱን ሥራ ይመዝግቡ፣ ፎቶ ያንሡ

የደች ሠዓሊው ሬምብራንት እ.ኤ.አ. በ1656 ዕዳውን መክፈል አቅቶት በከሰረ ጊዜ የባለሥልጣናት ጸሐፊዎች ቤቱ ገብተው ንብረቱን በ363 ተራ ቁጥሮች መዘገቡ። ስለ ስቱዲዮው ዛሬ ከሚታወቀው ብዙው የተገኘው ከዚያ ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ በአበዳሪ ሳይሆን በባለቤቱ እጅ ቢጻፍ ይሻላል።

ለእያንዳንዱ ሥራ ዓመቱንና ተራውን የሚያሳይ መለያ ቁጥር ይስጡ፤ በዓመቱ ውስጥ አሥራ ሰባተኛ የሆነው ሥራ የዓመቱን ቁጥር አስቀድሞ 017 ይባላል። ቁጥሩን በሸራው ጀርባ በእንጨቱ ላይ በእርሳስ ይጻፉ፤ በሸራው ላይ እስክሪብቶ አይጠቀሙ፣ ቀለሙ ወደ ፊት ሊያልፍ ይችላል። በመዝገቡ ውስጥ ርእሱ፣ የተሠራበት ነገር፣ መጠኑ፣ ዓመቱ፣ ዋጋው፣ አሁን ያለበት ቦታ፣ ሲሸጥም የገዢው ስምና ቀኑ ይገባሉ። በሥዕል ሙያ መጠን ሲጻፍ ቁመት ይቀድማል፣ ወርድ ይከተላል፤ 60 በ80 ተብሎ የተጻፈ ሥዕል አግድም የተኛ መሆኑን ባለሙያ ሁሉ ከዚህ ይረዳል።

ፎቶው ሥዕሉን ከሚያዩት ሰዎች መካከል አብዛኞቹ የሚያዩት ብቸኛ ነገር ስለሆነ አይቸኩሉበት። ሥዕሉን ግድግዳ ላይ ቀጥ አድርገው ይስቀሉ፤ ካሜራውን በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ከሥዕሉ መካከል ትይዩ ያድርጉት። ሁለት እኩል መብራቶችን ከግራና ከቀኝ በ45 ዲግሪ ያዘንብሉ፤ የክፍሉን ሌላ መብራት ያጥፉ፤ የሁለት ዓይነት መብራት ድብልቅ ነጩን በአንድ በኩል ቢጫ በሌላ በኩል ሰማያዊ ያደርገዋል። በካሜራው ላይ አይኤስኦ (ለብርሃን ያለው ስሜት) 100 እና ኤፍ (የሌንሱ መክፈቻ ስፋት) 8 አካባቢ መልካም መነሻ ነው። በመጀመሪያው ፎቶ ላይ ከሥዕሉ ጎን ግራጫ ካርድ ካስገቡ ቀለሙን በኮምፒዩተር ማስተካከል ቀላል ይሆናል። ትልቁን ፋይል ሳይነካ ያስቀምጡ፤ ለኅትመት በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ስለሚፈለግ ለኤ4 ወረቀት ብቻ 2,480 በ3,508 ፒክስል ያስፈልጋል። ለኢንተርኔት ግን ረጅም ጎኑ ወደ 2,000 ፒክስል የተቀነሰ፣ ኤስአርጂቢ በተባለው የኢንተርኔት የቀለም ሥርዓት የተቀመጠ የጄፔግ ፋይል ይበቃል፤ ከዚያ በላይ መልቀቅ ለሌላ ሰው ማተሚያ ቤት መክፈት ነው።

ስለ ቀለም ጥራት አንድ ነገር ልጨምር። ገንዘብ ተቀብለው የሚሸጡት ሥራ በብርሃን መደብዘዝ የለበትም። በቱቦው ላይ የሚጻፈው ኤኤስቲኤም የተባለው የብርሃን መቋቋም ደረጃ 1 ወይም 2 ይሁን። አሊዛሪን ክሪምሰን የተባለው ውብ ቀይ በተለይ ስስ ሆኖ ሲቀባ ስለሚደበዝዝ በኩዊናክሪዶን ቀይ መተካት ይቻላል። ወረቀትም ከአሲድ ነፃ፣ ቢቻል ከጥጥ የተሠራ ይሁን።

እርምጃ 4፦ የትእዛዝ ሥራን በጽሑፍ ብቻ ይቀበሉ

ትእዛዝ ማለት ገዢው ገና የሌለን ሥዕል ሲገዛ ነው፤ ገቢው ቀድሞ የሚታወቅ በመሆኑ ለጀማሪ ትልቅ ድጋፍ ነው፤ ነገር ግን ከሥራዎች ሁሉ ለክርክር የተጋለጠው እሱ ነው፤ ሁለታችሁም የምታስቡት ሥዕል በሁለት የተለያየ ጭንቅላት ውስጥ ነውና።

አንድ ጊዜ ከፎቶ ላይ የአንዲት እናትን ምስል እንድሠራ ታዘዝኩ። ዋጋው በቃል፣ ቀኑ በግምት ነበር። ሥራውን ሳስረክብ ልጃቸው «አፋቸው ላይ ትንሽ ፈገግታ ይጨመር» አለኝ፤ ጨመርኩ። በሳምንቱ ፈገግታው እንደበዛ ነገረኝ፤ ቀነስኩ። በሦስተኛው ጊዜ ፎቶውን አይታ የማታውቅ እኅቱ መጥታ «እማዬ እንዲህ አትስቅም ነበር» አለች። አራተኛውን ስጨርስ ከንፈሩ ላይ ያለው ቀለም ከሌላው ፊት ይልቅ ወፍሮ ጎን ለጎን ሲታይ እንደ እብጠት ይታይ ነበር። ግማሹን ገንዘብ ተቀብዬ ተለያየን። ልጁ አልበደለኝም፤ መቼ ማቆም እንዳለብን የተጻፈ ነገር አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ የምጠቀምበት ውል አንድ ገጽ ነው፤ የሚከተሉትን ይይዛል። የሥራው መጠን፣ የተሠራበት ነገርና ዋጋው ይጻፋል። ከዋጋው ግማሹ ቀብድ ሆኖ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ይከፈላል፤ የማስረከቢያው ቀን የሚቆጠረውም ቀብዱ ከተከፈለበትና መነሻው ፎቶ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ ነው። በመጀመሪያ ትንሽ የእርሳስ ንድፍ ይቀርባል፤ ደንበኛው በንድፉ ላይ ሁለት ጊዜ እንዲታረም መጠየቅ ይችላል፤ ከፀደቀ በኋላ በቀለሙ ሥራ ላይ አንድ ጥቃቅን ማስተካከያ ይፈቀዳል፤ ከዚያ በላይ ያለው በሰዓት ይከፈላል። አስተያየት የሚሰጠው አንድ ስሙ የተጻፈ ሰው ነው። (ይህችን አንቀጽ የጨመረችው ከላይ ያልኳት እኅት ናት።) ደንበኛው ሐሳቡን ቢለውጥ ቀብዱ አይመለስም፤ ሠዓሊው መጨረስ ካልቻለ በሙሉ ይመለሳል። ቀሪው ክፍያ የሚፈጸመው ያለቀው ሥራ ፎቶ ታይቶ፣ ሥዕሉ ግን ከስቱዲዮ ሳይወጣ ነው። የማባዛት መብቱ የሠዓሊው ሆኖ ይቀራል።

ውሉን ሲያቀርቡ አይፈሩ፤ አይቶ የሚሸሽ ደንበኛ ካለ ገንዘብ ሲጠየቅም የሚሸሽ እሱ ነው። ከባድ የሕግ ቋንቋ አያስፈልግም፤ ሁለታችሁም የምትረዱት ዐረፍተ ነገር ላይ ሁለታችሁም ትፈርማላችሁ፣ ለየራሳችሁ አንዳንድ ቅጂ ትይዛላችሁ።

እርምጃ 5፦ አንድን ሥራ ደጋግሞ የሚሸጥበትን መንገድ ያብጁ

ዋናው ሥዕል የሚሸጠው አንድ ጊዜ ነው። ኅትመት ግን አንዱን ሥራ አቅሙ ለዋናው ለማይፈቅድ ሰው ያደርሳል። እንግሊዛዊው ዊሊያም ሆጋርዝ በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን ሀብታም ደጋፊ ከመጠበቅ ይልቅ የቅርፅ ኅትመቶቹን (በብረት ሰሌዳ ላይ ተቀርፀው የሚታተሙ ምስሎችን) አስቀድመው ለተመዘገቡ ገዢዎች ይሸጥ ነበር። አታሚዎች እየቀዱ ስላስቸገሩት ከሌሎች ቀራፂዎች ጋር ለፓርላማ አመለከተ፤ እ.ኤ.አ. በ1735 የወጣው ሕግ ለቅርፅ ኅትመት የ14 ዓመት ጥበቃ ሰጠ፤ እሱም አዲሶቹን ኅትመቶቹን ሕጉ ሥራ ላይ እስኪውል አቆይቶ ነበር ያወጣቸው። ትዕግሥቱን ልብ ይበሉ፤ ሥራው አልቆ፣ ገዢው ተመዝግቦ እያለ መብቱ እስኪጸና ጠበቀ።

የተወሰነ ቁጥር ያለው ኅትመት ሲያወጡ ቁጥሩን ከመጀመሪያው ወስነው ያስታውቁ፤ 50 ካሉ ሃምሳ አንደኛው አይታተም፣ በሌላ መጠን ወይም በሌላ ወረቀትም «አዲስ» ተብሎ አይመለስ። በተለመደው አሠራር ተራ ቁጥሩ ከምስሉ ሥር በግራ በኩል እንደ ክፍልፋይ በእርሳስ ይጻፋል፤ ከሃምሳው ሰባተኛው 7/50 ይሆናል፤ ፊርማው በቀኝ ነው። ለሠዓሊው የሚቀሩ የግል ቅጂዎች ከጠቅላላው አንድ አሥረኛ ባይበልጡ ይመረጣል። የሚታተመው ቶሎ በማይደበዝዘው በፒግመንት ቀለም፣ ከአሲድ ነፃ በሆነ ወረቀት ይሁን። ሃምሳውንም በአንድ ቀን ማሳተም ግዴታ አይደለም፤ በዲጂታል ኅትመት አሥር አሥር እያሉ ማሳተም ስለሚቻል ገንዘብዎ በመደርደሪያ ላይ አይታሠርም፤ የትኛው ቁጥር ለማን እንደሄደ ግን በመዝገቡ ላይ ይስፈር።

ከኅትመት ሌላ ማስተማር አለ፤ በሳምንት ሁለት ግማሽ ቀን የሚወስድ ትምህርት የወሩን ኪራይ ሲሸፍን ሠዓሊው የተቸገረ ፊት ይዞ ከገዢ ጋር አይደራደርም። ምስልን ለመጽሐፍ ሽፋን ወይም ለዕቃ ማሸጊያ ማከራየት አለ፤ ስለ እሱ በእርምጃ 7 እመለሳለሁ። የሕዝብ መዋጮም አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው ኪክስታርተር የተባለው የኢንተርኔት መድረክ ለአንድ ለተወሰነ ፕሮጀክት የሚያገለግል ሲሆን ግቡ ካልሞላ ገንዘቡ ጨርሶ አይሰበሰብም፤ በ2013 የተጀመረው ፓትሪዮን ደግሞ ደጋፊዎች በየወሩ የሚከፍሉበት ነው። በሁለቱም የሚያከስረው ተመሳሳይ ስሕተት ነው፤ ለደጋፊ ቃል የተገባው ስጦታ የኅትመቱ እንጂ የማሸጊያውና የፖስታው ዋጋ አይሰላለትም። ቃል ከመግባትዎ በፊት አንዱን ስጦታ በእውነት አሽገው በሚዛን ይመዝኑት፤ በጣም ሩቅ ላለ ደጋፊ የሚላክበትንም ዋጋ ይጠይቁ።

እርምጃ 6፦ ከጋለሪ ጋር በአደራ ውል ይሥሩ

አብዛኛውን ጊዜ ጋለሪ ሥዕልን አይገዛም፤ በአደራ ተቀብሎ ይሸጣል፣ ከሽያጩም ድርሻውን ያነሣል። ድርሻው ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 በመቶ ይደርሳል። ይህን የሚሰማ ጀማሪ ተዘረፍኩ ይላል፤ ነገር ግን ጋለሪው ኪራይ፣ ሠራተኛ፣ የመክፈቻ ዝግጅትና የገዢዎች ዝርዝር አለው። ድርሻው ተገቢ የሚሆነው እነዚህን በእውነት ሲያደርግ ነው። ከሽያጭ በፊት «ለግድግዳ ኪራይ» ከሠዓሊው ገንዘብ የሚጠይቅ ቤት ግን ገቢው ከሠዓሊ እንጂ ከገዢ ስላልሆነ ለመሸጥ የሚያስቸኩለው ነገር የለም፤ ቢያልፉት ይሻላል።

ሥራዎችን ሲያስረክቡ የእያንዳንዱ መለያ ቁጥር፣ ርእስ፣ መጠንና ዋጋ የተዘረዘረበት የርክክብ ሰነድ ይፈረም። በሰነዱ ላይ ባለቤትነቱ እስኪሸጥ ድረስ የሠዓሊው መሆኑ፣ የጋለሪው ድርሻ፣ ክፍያ ከሽያጭ በኋላ በስንት ቀን እንደሚፈጸም (30 ቀን የተለመደ ነው)፣ ቅናሽ ከተደረገ ከማን ድርሻ እንደሚነሣ፣ ጉዳት ቢደርስ ማን እንደሚከፍል፣ ያልተሸጠው መቼ እንደሚመለስ ይጻፋል። እኔ በጀማሪነቴ ለአንድ ጋለሪ ዘጠኝ ሥራ በአጭር የስልክ መልእክት ብቻ ሰጥቼ ሰባት ተመለሰልኝ። ሁለቱ ተሸጡ ወይስ ጠፉ የሚለውን ያስረዳኝ ሰው የለም፤ እኔም ዘጠኝ መሆናቸውን የማሳይበት ወረቀት አልነበረኝም።

እርምጃ 7፦ ሥዕሉንና መብቱን ለይተው ይሽጡ

ሥዕል የገዛ ሰው የገዛው ሸራውንና በላዩ ያለውን ቀለም ነው፤ ምስሉን በቲሸርት ወይም በቀን መቁጠሪያ ላይ የማተም መብት በጽሑፍ ካልተሰጠው በአብዛኞቹ አገሮች አብሮ አይተላለፍም። እ.ኤ.አ. በ1886 የተፈረመውና ዛሬ አብዛኞቹ አገሮች አባል የሆኑበት የበርን ስምምነት ጥበቃው ያለምንም ምዝገባ፣ ሥራው ሲፈጠር ጀምሮ እንዲጸና ይደነግጋል፤ ዝቅተኛው የጥበቃ ዘመንም ለአብዛኞቹ ሥራዎች ሠዓሊው በሕይወት ያለበት ዘመንና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ነው። ብዙ አገሮች ወደ 70 ከፍ አድርገውታል። በአንዳንድ አገሮች ደግሞ ሥዕሉ እንደገና ሲሸጥ ሠዓሊው ከዋጋው መቶኛ የሚያገኝበት መብት አለ፤ ፈረንሳይ ይህን ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1920 ነው።

አንድ ድርጅት ምስልዎን ለመጠቀም ሲጠይቅ «ስንት ነው?» ከሚለው በፊት መልስ የሚሹ አምስት ጥያቄዎች አሉ፦ ለምን ዓይነት ዕቃ፣ በስንት ቅጂ፣ ለስንት ጊዜ፣ በየትኞቹ አገሮችና ለእሱ ብቻ ነው ወይስ ለሌላም መስጠት ይቻላል። ለአንድ ዓመት፣ ለአንድ መጽሐፍ ሽፋን የሚሰጥ ፈቃድና «ለማንኛውም አገልግሎት ለዘለዓለም» የሚለው ፈቃድ ዋጋቸው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ በውሉ የመጨረሻ ገጽ በትንሽ ፊደል ተሸሽጎ ስለሚመጣ እስከ መጨረሻው ያንብቡ።

እርምጃ 8፦ በርቀት ሲሸጡ

ማኅበራዊ ገጾች ሰው ለማግኘት ይጠቅማሉ፤ ነገር ግን ተከታዮችዎ በሌላ ሰው ቤት ያሉ እንግዶች ናቸው፤ የኢንስታግራም አሠራር አንድ ጠዋት ተለውጦ ሥራዎን የሚያየው ሰው ሊያንስ ይችላል። ስለዚህ ትንሽም ቢሆን የራስዎ ድረ ገጽና ፈቅደው የሰጡዎት የገዢዎች የኢሜይል ዝርዝር ይኑርዎት። በዓመት አራት ጊዜ አዲስ ሥራ አሳይቶ የሚጽፍ ሠዓሊ ማንንም አያሰለችም።

በኢሜይል ከሚመጡ ገዢዎች መካከል አጭበርባሪዎችም አሉ፤ አነጋገራቸው ስለሚመሳሰል ይለመዳል። «ባለቤቴ ድረ ገጽዎን ስታይ አገኘኋት፤ ለልደቷ ላስገርማት እፈልጋለሁ» ይላል፤ ስለ ሥዕሉ ምንም አይጠይቅም፣ በዋጋም አይከራከርም። ከዚያ ከዋጋው የሚበልጥ ቼክ ይልክና ትርፉን ለ«አጓጓዡ» እንዲያስተላልፉለት ይለምናል። እርስዎ የላኩት እውነተኛ ገንዘብ ነው፤ ቼኩ ግን ከቀናት በኋላ ሐሰተኛ ሆኖ ይመለሳል። መከላከያው አንድ ነው፦ ከዋጋው በላይ የተከፈለን ገንዘብ ለሦስተኛ ወገን በጭራሽ አያስተላልፉ፤ ክፍያው ሙሉ በሙሉ መግባቱን ባንክዎ ሳያረጋግጥም ሥራውን አይላኩ።

ስለ ማሸግ፦ አረፋ ያለው ፕላስቲክ በቀጥታ በቀለሙ ላይ አይረፍ፤ ክብ ክብ ምልክት ይተዋል። መጀመሪያ ግላሲን በተባለው ለስላሳ ወረቀት ይሸፍኑ፣ ማዕዘኖቹን በካርቶን ይጠብቁ፣ ከዚያ በፕላስቲኩ ጠቅልለው በሁለት ሳጥን ያሽጉ። ሸራ ተጠቅልሎ የሚላክ ከሆነ የተቀባው ገጽ ወደ ውጭ ይሁን፤ ወደ ውስጥ የተጠቀለለ ቀለም ይጨማደዳል፤ ጥቅሉም ሰፊ እንጂ ጠባብ አይሁን። መስታወት ባለው ፍሬም ላይ ቢሰበር ስብርባሪው ሥዕሉን እንዳይቆርጥ የወረቀት ፕላስተር በመስታወቱ ላይ በጥልፍልፍ ይለጥፉ።

እርምጃ 9፦ ገንዘቡን ይለያዩ፣ ከቋሚ ሥራም በቀን ቆጥረው ይውጡ

ለሥዕል ገቢ የተለየ የባንክ ሒሳብ ይክፈቱ። ገንዘብ በገባ ቁጥር የግብሩን ድርሻ በዚያው ቀን ወደ ሦስተኛ ሒሳብ ያንሡት፤ መጠኑን የሚነግርዎት ያሉበት አገር የግብር ሕግ ነው። ከሥዕል ሒሳብ ለራስዎ በየወሩ አንድ ዓይነት መጠን ያለው ደመወዝ ይክፈሉ፤ ሦስት ሥዕል በተሸጠበት ወርም፣ ምንም ባልተሸጠበት ወርም ያው ይሁን። የሥዕል ገቢ እንደ ዝናብ በአንድ ወቅት ይወርዳል፤ ደመወዙ ወደ ቀሪዎቹ ወራት ያካፍለዋል።

ቋሚ ሥራ ካለዎት በአንድ ጥሩ ኤግዚቢሽን ተነሣሥተው አይልቀቁት። የአሥራ ሁለት ወር መዝገብ ይመልከቱ፦ ከሥዕል የገባው፣ ወጪና ግብር ተቀንሶ፣ ቢያንስ በስምንቱ ወራት የቤትዎን ወጪ ሸፍኗል? የስድስት ወር ወጪ ተቀምጧል? ከገቢው ከግማሽ የሚበልጠው ከአንድ ገዢ ወይም ከአንድ ጋለሪ የመጣ ነው? የመጀመሪያዎቹ ሁለት መልሶች አዎን፣ ሦስተኛው አይደለም ከሆነ የሥራ ሰዓትዎን መጀመሪያ ወደ ግማሽ ቀን እንዲቀነስልዎት አሠሪዎን ይጠይቁ፤ በተረፈው ግማሽ ቀን ምን እንደሠሩም እንደገና ለአራት ሳምንታት በደብተሩ ላይ ይጻፉ።